ስጦታ ተብሎ የሚላክ ባዜቃ

በሲያትል ሰሜን፣ ከኖርዝጌት እስከ ሾርላይን ባለው ሠፈር የሚኖር የሀገራችን ሰው፣ ከሥራው ብዛት የተነሣ ስለ ባዜቃ ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ጊዜ የለውም። ነገር ግን ሥራው ራሱ ከባዜቃ ጋር ያገናኘዋል። ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳው ወንድም የተቃጠለውን ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል አውርዶ «ጣለው» ይባላል። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት የከፈተች እኅት ከቀድሞው ባለቤት የተረፈ የመስተዋት ቴርሞሜትርና አሮጌ የደም ግፊት መለኪያ ከመሳቢያ ውስጥ ታገኛለች። ከአረብ ሀገር በሻንጣ የመጣው ፊት የሚያቀላ ክሬምም አለ። የሁሉም ጣጣ አንድ ነው፤ ባዜቃ፣ ፈረንጆቹ ሜርኩሪ የሚሉት።

መጠኑን ማወቅ ይጠቅማል። በአንድ ጠምዛዛ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ውስጥ ያለው 4 ሚሊግራም ገደማ ነው። በአንድ የትኩሳት መለኪያ ውስጥ ግን ግማሽ ግራም ያህል አለ፤ ይኸውም ከመቶ አምፖል በላይ መሆኑ ነው። በአሮጌው የደም ግፊት መለኪያ ደግሞ ከ80 እስከ 100 ግራም ይገኛል። ሲፈስ እያብረቀረቀ ስለሚንከባለል ልጅ ሊጫወትበት ይሮጣል። ሽታ የለውም፤ ተኑም አይታይም። በትንፋሽ ገብቶ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አይበጅም።

ቴርሞሜትር ቢሰበር በመጥረጊያ ወይም በቫኪዩም መጥረግ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቫኪዩም ተኑን በየክፍሉ ይረጨዋል። ልጆችን ማስወጣት፣ መስኮት መክፈት፣ ጓንት አድርጎ ጠብታዎቹን በወፍራም ወረቀት ሰብስቦ በሚከደን ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል። በመታጠቢያ ገንዳ ወይም በሽንት ቤት መድፋት ፈጽሞ አይገባም። የፈሰሰው ከቴርሞሜትር የበዛ ከሆነ ቤቱን ለቆ ባለሙያ መጥራት ነው።

የት ይወሰድ ለሚለው፣ ኖርዝጌት አጠገብ፣ ስቶን አቬኑ ኖርዝ 12550 ላይ የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ጣቢያ አለ። የኪንግ ካውንቲ ነዋሪ ከመኖሪያ ቤቱ ያመጣውን ያለ ክፍያ ይቀበላሉ፤ ገንዘቡ ቀድሞውኑ ከቆሻሻና ከፍሳሽ ሒሳብ ላይ ተቀንሷልና ማንም ውለታ ዋለልኝ ብሎ አይሽኮርመም። የሚከፈትበትን ቀን ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለአምፖል ደግሞ ከ2015 ጀምሮ በዋሽንግተን ስቴት ላይት ሪሳይክል የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በተመደቡ መደብሮች አንድ ሰው በቀን እስከ 10 አምፖል በነፃ ያስረክባል። ከጥር 2013 ወዲህ ነዋሪውም ድርጅቱም ባዜቃ ያለበትን አምፖል ለይቶ የማስረከብ ግዴታ ስላለበት፣ የጽዳት ሠራተኛ «ጣለው» ሲባል ሕጉን ጠቅሶ መልስ መስጠት ይችላል። ከ2029 መግቢያ ጀምሮ በዚህ ስቴት እነዚህን አምፖሎች መሸጥ ራሱ ይቆማል።

የክሬሙ ጉዳይ በእኅቶቻችን ዘንድ በሹክሹክታ ስለሚያልፍ እዚህ በግልጽ ይነገር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት በቆዳ ቅባት ውስጥ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ባዜቃ እንዳይገኝ ከልክሏል። ከውጭ በሚገቡ አንዳንድ ማቅያዎች ውስጥ ግን በሺህ የሚቆጠር እጅ ተገኝቷል። ብዙውን ጊዜ በማሸጊያው ላይ አይጻፍም፤ ከተጻፈም «ካሎሜል» በሚል ስም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። እናቲቱ የተቀባችው በፎጣና በትራስ፣ በመተቃቀፍም ወደ ልጅ ይተላለፋል። የተጀመረው ቆርቆሮ ወደዚያው ጣቢያ ይሄዳል፤ ሲጠቀሙበት የኖሩም ለሐኪም ይንገሩ።

ጣቢያው የተረከበውን ምን ያደርገዋል? ባዜቃ ንጥረ ነገር ስለሆነ ተቃጥሎ አይጠፋም። አምፖሉ በተዘጋ ማሽን ይደቅቃል፤ ዱቄቱ በምድጃ ይግላል፤ ተኑ ቀዝቅዞ ተመልሶ ባዜቃ ይሆናል። የማይፈለገውን ከድኝ ጋር አዋሕደው ጠጣር ያደርጉታል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የዓለም አቀፉ ውዝግብ ምንጭም ይኸው ነው። ማስወገድ ውድ በሆነበት ሀገር፣ ወደ ድሃ ሀገር መላክ ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

በደቡብ አፍሪካ ካቶ ሪጅ በምትባል ቦታ ቶር ኬሚካልስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከአሜሪካ ሳይቀር የባዜቃ ቆሻሻ እያስመጣ፣ «መልሰን እናጣራዋለን» በሚል በርሜል በበርሜል ላይ ከመረ። ሠራተኞች ተመረዙ፤ የሞቱም አሉ። በ1997 ኩባንያው እንግሊዝ ሀገር ለተከሰሰበት ጉዳት 1.3 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ተስማማ። ባለጸጋው ዓለም የጣለውን አፍሪካ እንድትሸከም መደረጉን ለመግታት በ1989 የባዝል ስምምነት፣ በ1991 ደግሞ የአፍሪካውያኑ የባማኮ ስምምነት ወጥተዋል። አሜሪካ ባዝልን በ1990 ፈርማ እስከ ዛሬ አላጸደቀችም። የባዜቃውን ሚናማታ ስምምነት ግን በ2013 ከሁሉ ቀድማ ተቀበለች፤ ነገሩ ያስገርማል። ሚናማታ የጃፓን የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ቺሶ የተባለው ፋብሪካ ወደ ባሕረ ሰላጤው በደፋው ባዜቃ ዓሣው ተመርዞ፣ ዓሣ በሊታው ሕዝብ በሽባነትና በመንቀጥቀጥ አለቀ። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ነበር፤ ፋብሪካው ግን እስከ 1968 መድፋቱን አላቆመም።

ኢትዮጵያም በ2013 ኩማሞቶ ላይ ከፈረሙት አንዷ ናት። ይሁንና ፊርማ ቆሻሻ አያነሣም። የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት ከ2009 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ኃይል ቆጣቢ አምፖል አከፋፍሏል፤ ለኃይል ቁጠባው ደግ ሥራ ነበር። አምፖሉ ሲቃጠል ግን ከቤት ጥራጊ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። የአዲስ አበባ ጥራጊ ማራገፊያ ደግሞ ቆሼ ነው፤ መጋቢት 2017 ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የቀበረው ቆሼ። እዚያ ፌስታል እየፈቱ ብረትና ጠርሙስ የሚለቅሙ እናቶችና ልጆች የአምፖሉን ተን ከማንም በፊት ያገኙታል።

ስለዚህ ወደ ሀገር ቤት ሆስፒታሎች የሕክምና ዕቃ አሰባስበው በኮንቴይነር የሚልኩ ማኅበራት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ሆኖም እዚህ ክሊኒክ የባዜቃ መለኪያውን በዲጂታል ሲተካ አሮጌውን ማስወገድ ያስከፍለዋል፤ በጎ አድራጊ ካገኘ ያስረክባል። ሚናማታ እነዚህን መለኪያዎች ከ2020 በኋላ መሥራትም ማስገባትም ከልክሏል። በጎ አድራጊዎቹ አንዱን ለክፍለ ሀገር ጤና ጣቢያ ሲልኩ 100 ግራም ያህል ባዜቃ አብሮት ይሄዳል፤ ሲሰበር የሚቀበለው ጣቢያ በአቅራቢያው የለም። ኮንቴይነሩ ከመታሸጉ በፊት ሣጥኖቹ ይፈተሹ፤ የብር ዓምድ የሚታይበት መለኪያ ካለ ተለይቶ ይውጣ። የለገሰው ክሊኒክም የራሱን ቆሻሻ በራሱ ወጪ እንዲያስወግድ ይመለስለት።