የማሽን ክፍሎች ትምህርት ከሞፈርና ከቀንበር ይጀምር

ማሽን ሲባል በብዙ ሰዎች አእምሮ የሚቀረጸው በትልቅ ከተማ፣ በትልቅ ፋብሪካ ውስጥ የሚጮኽ ብረት ነው። በዚህም ምክንያት የማሽን ክፍሎችን መንደፍና መመርመር የጥቂት መሐንዲሶች ሥራ እንጂ በሰቆጣ ደጋ ወይም በአበርገሌ ቆላ የሚማር ልጅ ጉዳይ አይመስላቸውም። ይህ አስተሳሰብ ግን ትክክል አይደለም። የማሽን ክፍሎች ትምህርት በእጃችን ካለው ዕቃ መጀመር አለበት፤ ከዚያ ካልጀመረ ሥር ሊሰድ አይችልም።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ በየገበሬው ደጅ የሚገኘው የእርሻ መሣሪያ ነው። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ዕርፍ፣ ድግር፣ ወገልና ማረሻ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ተግባር አላቸው። የበሬዎቹ ኀይል ከጫንቃቸው ወደ ቀንበሩ፣ ከቀንበሩ በምራኑ በኩል ወደ ሞፈሩ፣ ከሞፈሩም ወደ ማረሻው ይተላለፋል። ማረሻውም ኀይሉን ለመሬት ያስረክባል። የማሽን ክፍል ማለትም ይኸው ነው፤ ኀይልን ወይም እንቅስቃሴን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ አካል ማለት ነው። ኀይሉ በየት ይገባል? በየት ያልፋል? በየትስ ይወጣል? አንድ መሐንዲስ የማሽን ክፍል በሚመረምርበት ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣቸው እነዚህን ጥያቄዎች ነው።

ከመጠየቅ ቀጥሎ መለካት ይመጣል። ለምሳሌ ያህል በሬዎቹ ምራኑን በ100 ኪሎ ግራም ክብደት ልክ ይስቡታል እንበል። ነጠላው የምራን ቆዳ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ኀይሉን የሚሸከመው ገጽ 2 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 50 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ምራኑ ከጎኑ ተበልቶ ስፋቱ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ግን የእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ሸክም 100 ኪሎ ግራም ይሆናል። በሬዎቹ አልበረቱም፤ መሬቱም አልጠነከረም፤ ምራኑ ግን ለመበጠስ ተቃርቧል። ይህን አስልቶ ያወቀ ሰው ምራኑ እርሻ መካከል ከመበጠሱ በፊት ይለውጠዋል።

ዕቃን ማወፈር ብቻም መፍትሔ አይሆንም። አግድም ተጋድሞ ጭነት የሚሸከም ሳንቃ የጎን ስፋቱ እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል፤ ከላይ ወደ ታች ያለው ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ግን ጥንካሬው አራት እጥፍ ያድጋል። ጣሊያናዊው ሊቅ ጋሊሌዎ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው መጽሐፉ ይህን ጉዳይ መርምሮ፣ ሳንቃ በጠርዙ ሲቆም በሰፊው ጎኑ ከተኛበት ጊዜ ይልቅ ብዙ እንደሚሸከም አስረድቷል። እንጨት በማይበዛበት አገር ይህን ማወቅ ዛፍን ከከንቱ መቆረጥ ያድናል።

አንዳንድ ሰዎች፣ «የተሰበረው ዕቃ በገንዘብ የሚለወጥ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። አባባላቸው በከፊል እውነት አለው። ብሎንና ዳዶ ሁሉ በየመንደሩ ይሠራ ማለት ብልኅነት አይደለም። ነገር ግን የእህል ወፍጮን እንመልከት። ቺንጋው ከመጠን በላይ ከተወጠረ ዘንጉን ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ ኩሽኔታውም ያለ ልክ ይጫናል፣ ይግላል፣ ይሰበራል። ባለ ወፍጮው ከሩቅ ከተማ አዲስ ኩሽኔታ አስመጥቶ ይተክላል። ቺንጋው ግን እንደ ተወጠረ ስለሆነ አዲሱም የአሮጌውን መንገድ ይከተላል። ወፍጮው በቆመ ቁጥር እህል የተሸከሙ እናቶች ሌላ መንደር ድረስ ይጓዛሉ፤ አለዚያም ወደ ድንጋይ ወፍጮ ይመለሳሉ። ገንዘብ ዕቃውን ይለውጣል እንጂ የብልሽቱን ምክንያት አያስወግድም።

የዓለም ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1842 በፈረንሳይ አገር፣ በቬርሳይ አቅራቢያ የአንድ ባቡር የመንኰራኩር ዘንግ ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙ ጊዜ ያገለገለ ብረት በድንገት ለምን እንደሚሰበር በዚያን ጊዜ በሚገባ አልታወቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር የባቡር ዘንጎችን ደጋግሞ እየጫነ በመፈተን፣ ብረት አንድ ጊዜ ቢጫንበት የሚችለው ሸክም እጅግ ብዙ ጊዜ ሲመላለስበት ሊሰብረው እንደሚችል አረጋገጠ። ቀጭን ሽቦን ወዲያና ወዲህ በማጠፍ የበጠሰ ልጅ ሁሉ የዚህን ነገር ፍንጭ አይቷል። ልዩነቱ ቮለር ምን ያህል ጊዜ፣ በምን ያህል ጭነት ብሎ መቍጠሩና መመዝገቡ ነው።

ለአበርገሌ ተማሪ ትልቁ ማሽንም ቢሆን ሩቅ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ እያንዳንዳቸው 75 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አራት ተርባይኖች አሉት፤ በድምሩ 300 ሜጋ ዋት ማለት ነው። የግድቡ ውኃም ወደ ዋግ ኽምራ ምድር ዘልቆ ተኝቷል። በዚያ የሚሽከረከረው ግዙፍ ዘንግ ከምራኑ የሚለየው በመጠኑና በአሠራሩ እንጂ በሚቀርብለት ጥያቄ አይደለም። የውኃው ኀይል በየት ገብቶ በየት ይወጣል? ብረቱስ ምን ያህል ይሸከማል?

እንዲህ ከሆነ ትምህርቱን ያዘገየው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ዋናው ምክንያት የእጅና የቍጥር መለያየት ነው። በአገራችን የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተቋቁሟል፤ በ1963ም የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተከፍቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሙያ ትምህርት ቤቶች ተስፋፍተዋል። ይሁን እንጂ ቀመሩን በቃሉ የሚያውቅ፣ መዶሻ ግን ጨብጦ የማያውቅ ተማሪ አለ። በሌላ በኩል ብረትን በቀለሙ አይቶ ሙቀቱን የሚለይ፣ ማረሻን በእጁ የሚያበጅ፣ ዕውቀቱን ግን በቍጥር ጽፎ ለሌላው ለማስተላለፍ ያልታደለ አንጥረኛ አለ። ተማሪው አንጥረኛውን እንዳይጠይቅ ያደረገው «ቀጥቃጭ» እያሉ ባለሙያን የማዋረድ ክፉ ልማድ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጅ አፍን ሊዘጋ ይችላል፤ ንቀትን ከልብ የሚያወጣው ግን አብሮ መሥራት ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች የሚከተለውን ቢያደርጉ ይጠቀማሉ። አንድ የተሰበረ ዕቃ ሲያገኙ ከመጣላቸው በፊት ስብራቱን አተኵረው ይመልከቱ። የዕቃውን ክፍሎች ስም ከገበሬው ወይም ከአንጥረኛው በአክብሮት ጠይቀው፣ በአማርኛም ሆነ በኽምጣኛ ይመዝግቡ። ሥዕሉን ከነልኩ በደብተራቸው ይንደፉ፤ ኀይሉ የሚያልፍበትን መንገድም በቀስት ያመልክቱ። በመጨረሻም የት ላይ፣ ለምን እንደ ተሰበረ አስልተው ከአስተማሪያቸው ጋር ይወያዩ። ሰው የሚጫንበትን ወይም በኀይል የሚሽከረከርን ዕቃ ግን ያለ ባለሙያ ቍጥጥር አይሥሩ፤ በግምት የተሠራ ዘንግ ሕይወት ያጠፋልና።

አንጥረኛው ቍጥርን፣ ተማሪው መዶሻን የለመዱ ዕለት የአበርገሌ ወፍጮ ከቆመበት የሚነሣው ከሩቅ በሚመጣ ዕቃ ብቻ አይሆንም። የቆመበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው በዚያው በመንደሩ ይገኛልና።