የልጆች መማሪያ መተግበሪያዎች፦ ለምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰብ የሚበጁት የትኞቹ ናቸው?

ስማርት ስልክ በገባበት ቤት ሁሉ ወላጆች የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ ልጁ ስልኩን መያዙ ካልቀረ ምን ቢማርበት ይሻላል? በዓለም አቀፍ ድረ ገጾች ላይ የሚወጡት የ“ምርጥ መተግበሪያዎች” ዝርዝሮች የሚሰጡት መልስ በአብዛኛው የማይቋረጥ ኢንተርኔት፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ እና የግል ታብሌት ያለውን ቤተሰብ ታሳቢ ያደረገ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዳሬሰላም ያለው የብዙኃኑ ኑሮ ግን ከዚህ ይለያል።

ጉዳዩ የመዝናኛ ምርጫ ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክ፣ ዩኔስኮ እና ሌሎች ተቋማት እ.አ.አ በ2022 ባወጡት ግምት መሠረት ከሰሃራ በስተደቡብ ባሉ የአፍሪካ አገራት ዕድሜያቸው 10 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ የኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች ሙሉ በሙሉ የተከፈቱት ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በጥር 2022 ነበር። በኢትዮጵያና በሱዳን ደግሞ ጦርነት ሚሊዮኖችን ከትምህርት ገበታ አርቋል።

የታንጋው ሙከራ

መተግበሪያ ምን ሊያደርግ እንደሚችል፣ ምንስ እንደማይችል ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ የተካሄደው በታንዛኒያ ነው። ኤክስፕራይዝ የተባለው ድርጅት እ.አ.አ በ2014 ልጆች በራሳቸው ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት የሚማሩበትን ሶፍትዌር ለሚሠሩ ቡድኖች የ15 ሚሊዮን ዶላር ውድድር አወጀ። ለፍጻሜ የደረሱት አምስት ሥራዎች በታንጋ ግዛት ወደ 170 በሚጠጉ መንደሮች ለ15 ወራት ተፈተሹ። በ2019 “ዋንቢሊየን” እና “ኪትኪት ስኩል” ሽልማቱን ተካፈሉ።

ሙከራው ሲጀመር ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ልጆች አንድም የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር። ሲጠናቀቅ ይህ ቁጥር በግማሽ ቀንሷል። ለውጡ ቀላል የሚባል አይደለም፤ ሆኖም ከ15 ወራት በኋላም ግማሽ ያህሉ ማንበብ አልቻሉም። የተሻሉት መተግበሪያዎች እንኳ ትምህርት ቤትንና መምህርን ያግዛሉ እንጂ አይተኩም።

ቋንቋ ይቅደም

የታንጋ ልጆች የተማሩት በሚሰሙት ቋንቋ ነበር። የዳሬሰላሙ “ኡቦንጎ” ድርጅትም የተነሳው ከዚሁ ሐሳብ ነው። ለታዳጊዎች ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምረው “ኡቦንጎ ኪድስ” እና ለሕፃናት የተሰናዳው “አኪሊ ኤንድ ሚ” በስዋሂሊ፣ በኪንያርዋንዳና በሌሎች ቋንቋዎች በቴሌቪዥንም በኢንተርኔትም ይቀርባሉ።

በአማርኛ የሚገኘው ምርጫ ጠባብ ቢሆንም ባዶ አይደለም። “ፀሐይ መማር ትወዳለች” የተሰኘው የአሻንጉሊት ዝግጅት የኢትዮጵያ ልጆችን በራሳቸው ቋንቋ ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል። በኖርዌይ መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው “ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ” አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ እና ሶማሊኛን ጨምሮ በበርካታ ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍትን በነጻ ያቀርባል። ከደቡብ አፍሪካ የተነሳው “አፍሪካን ስቶሪቡክ” ድረ ገጽም ተረቶችን አውርዶ፣ አትሞና ተርጉሞ ለመጠቀም ይፈቅዳል።

ክፍተቱ በውጭ አገር ባሉ ቤተሰቦች ዘንድም ይታያል። ታዋቂው የቋንቋ መማሪያ “ዱዎሊንጎ” ስዋሂሊን እ.አ.አ በ2017 ቢጨምርም አማርኛን አላካተተም። ልጆቻቸው 231ዱን መሠረታዊ ፊደላት እንዲለዩ የሚሹ በአሜሪካም ሆነ በእስራኤል የሚኖሩ ወላጆች በየግለሰቡ በተሠሩ፣ ጥራታቸው በሚለያይ ሥራዎች ላይ ለመመርኮዝ ይገደዳሉ።

ኢንተርኔት ሲጠፋ

ሁለተኛው መመዘኛ መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። የዳታ ዋጋ፣ የመብራት መቆራረጥ፣ አንዳንድ ጊዜም የመንግሥት ውሳኔ መስመሩን ያቋርጡታል። በትግራይ ጦርነት ወቅት አገልግሎቱ ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ እንደነበር ይታወሳል።

ለዚህ የተዘጋጁ አማራጮች አሉ። “ኮሊብሪ” የ“ካን አካዳሚ”ን ጨምሮ የተለያዩ ነጻ ትምህርቶችን አንድ ጊዜ አውርዶ በትምህርት ቤት ወይም በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ለማዳረስ ያስችላል። የኬንያው “ኤኔዛ” ትምህርትና ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ስለሚልክ ስማርት ስልክ እንኳ አይሻም። በሱዳን ከ2012 ጀምሮ ዋር ቻይልድ ከአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲና ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የሞከረው ፕሮግራም ደግሞ ትምህርት ቤት በሌለባቸው መንደሮች ልጆች በዐረብኛ ጨዋታ አማካይነት ሒሳብ እንዲማሩ አድርጓል። በዚህ ሥራ ከታብሌቱ ጎን ከማኅበረሰቡ የተመረጠ አስተባባሪ ነበር።

“ነጻ” የተባለው ዋጋ

ሦስተኛው ጥያቄ ደኅንነት ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2022 በ49 አገራት ጥቅም ላይ የዋሉ ከ160 በላይ የትምህርት መተግበሪያዎችንና ድረ ገጾችን መርምሮ፣ 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የልጆችን መረጃ መብታቸውን አደጋ ላይ በሚጥል ወይም በሚጥስ መንገድ ይይዙ እንደነበር አስታውቋል። ብዙዎቹ በመንግሥታት የተመከሩ ነበሩ።

ኬንያና ኡጋንዳ በ2019፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አጽድቀዋል። የሕጉ ተፈጻሚነት እስኪጠናከር ድረስ ግን የመጀመሪያው ጠባቂ ወላጅ ነው። የፊደል መቁጠሪያ መተግበሪያ ያለበትን ቦታ፣ የስልክ አድራሻዎችን ወይም ማይክሮፎንን ለማግኘት ፈቃድ ከጠየቀ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። እንደ “ካን አካዳሚ ኪድስ” ያሉ፣ በእንግሊዝኛ የቀረቡ ቢሆኑም ማስታወቂያም ክፍያም የሌላቸው አማራጮች መኖራቸው ልጆችን ለማስተማር መረጃቸውን መሸጥ ግዴታ አለመሆኑን ያሳያል።

የመንግሥታት ድርሻ

የኬንያ መንግሥት በ2013 ምርጫ ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላፕቶፕ ለማደል ቃል ገብቶ፣ ከግዢ ውዝግብ በኋላ በ2016 ታብሌቶችን ማሰራጨት ጀምሯል። በዚህ ዓይነት ዘመቻዎች ዓይን የሚገባው የመሣሪያው ብዛት ነው። በውስጡ ያለው ትምህርት በየትኛው ቋንቋ እንደተሰናዳ፣ መምህሩስ መሠልጠኑ እምብዛም አይጠየቅም። ዩኔስኮ በ2023 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርቱ የትምህርት ቴክኖሎጂ ስላለው ጠቀሜታ አስተማማኝ ማስረጃ አነስተኛ መሆኑን አስጠንቅቋል።

ለወላጅ የሚቀረው ምርጫ ከዚህ ይነሳል፦ ልጁ የሚሰማው ቋንቋ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ማስታወቂያ የማያዘንብ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች የስክሪን ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ያችም ሰዓት የምትጠቅመው አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ “ይህ ምን ይላል?” ብሎ ሲጠይቀው ነው።