ተራችንን እንወቅ፦ የአዲስ ረዳት አብራሪዎች አቤቱታ

ለበረራ ሥራዎች ዘርፍ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአውሮፕላን ምደባና የሮስተር አሠራር እንዲስተካከልልን ስለመጠየቅ

ክቡር ካፒቴን፣

ስማችንና ፊርማችን በአባሪነት የተያያዘው፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የተቀጠርን ረዳት አብራሪዎች ይህን አቤቱታ በታላቅ አክብሮት እናቀርባለን። ከመጻፋችን በፊት ብዙ አመንትተናል። ይህን ወንበር የሚመኘው ወጣት ስንት እንደሆነ እናውቃለን፤ ፈቃዳቸውን ይዘው ሥራ የሚጠብቁት ጓደኞቻችን «እነዚህ ደግሞ ምን ጎደላቸው?» እንደሚሉን አይጠፋንም። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብለን የቆየነውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን እሺታችን እንደ ስምምነት እየተቆጠረ፣ አሠራሩም ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ደንብ ወደ መሆን እየሄደ ስለሆነ ከዚህ በላይ ዝም ማለት እኛንም ሆነ ድርጅቱን የሚጠቅም አልመሰለንም።

የማንጠይቀውን አስቀድመን ብንናገር ይሻላል። ትልቁን ጄት ስጡን አላልንም። የሌሊቱ በረራ፣ የበዓሉ ተረኝነት፣ የቆላው ሙቀት መጀመሪያ የሚደርሰው አዲስ ለገባ ሰው መሆኑን እንቀበላለን፤ እርስዎም በዚያው በቀኝ ወንበር ተቀምጠው፣ ያንኑ ሌሊት ነቅተው ነው ዛሬ ካሉበት የደረሱት። ቅሬታችን የተራው መጨረሻ ላይ መሆናችን አይደለም። ተራውን ማየት አለመቻላችን ነው።

በአውሮፕላን ምደባው እንጀምር። የመግቢያ ሥልጠናው ባለቀበት ቀን ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ሳለ አስተባባሪው አንድ ወረቀት ይዘው ገቡ። ስም እየጠሩ ከስሙ ጎን የተጻፈውን የአውሮፕላን ዓይነት አነበቡልን፤ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። መስፈርቱን ስንጠይቅ «ማኔጅመንቱ የወሰነው ነው» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘንም። በውጤት ነው እንዳንል፣ በሲሙሌተር ፈተና አንደኛ የወጣውና ለጥቂት ያለፈው አንድ ቦታ ተመድበዋል። በልምድ ነው እንዳንል፣ ከዚህ በፊት በባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ብዙ ሰዓት የበረረችው ባልደረባችን ጄት ላይ፣ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣው ደግሞ ባለ ፕሮፔለሩ ላይ ሆኑ። በቁመት ነው ያለም ነበር። በቀልድ የተነገረ ነው፤ ግን የተሻለ ማብራሪያ ስላልነበረን ለጥቂት ጊዜ አምነነው ሰንብተናል።

ነገሩ የምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላደከምንዎት ነበር። ለአንድ አብራሪ የመጀመሪያው አውሮፕላን የሚቀጥሉትን ዓመታት ይወስናል። ባለ ፕሮፔለሩ ላይ ያለው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጋምቤላ ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ጎንደር ይወጣል፣ ይመለሳል፤ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ያሳርፋል። እጁ ይሰላል፤ የበረራ ሰዓቱ ግን በትንሽ በትንሹ ነው የሚጠራቀመው፤ የውጭ አዳር አበል የሚባለውንም እምብዛም አያየውም። ረጅም በረራ ላይ የተመደበው በተቃራኒው ሰዓቱ ቶሎ ይሞላለታል፤ ነገር ግን በአንድ በረራ ሦስትና አራት አብራሪ ስለሚሳፈር አዲሱ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ደመና ላይ ተቀምጦ የሌሎችን ማረፍ ነው የሚያየው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት መነሣትና ሦስት ማረፍ የሚለውን መስፈርት ለማሟላት ሲሙሌተር የሚላክ አለ። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ዕድል፣ ሌላው ቅጣት ነው አንልም። ሁለቱም ጥቅም አላቸው፤ ሁለቱም የሚያጎድሉት አላቸው። ጉዳቱ ያለው ሰውየው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ መቼና በምን መንገድ ወደ ሌላው መዛወር እንደሚችል ሳያውቅ መቀመጡ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ከተመደቡ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ወደ ሌላ አውሮፕላን መዛወር እንደማይቻል ተነግሮናል። ምክንያቱ ይገባናል፤ ለአንድ አውሮፕላን ዓይነት ማሠልጠን ውድ ነው፣ የሲሙሌተር ሰዓትም እንደ ልብ አይገኝም። የማይገባን ዓመታቱ የሚቆጠሩት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ነው። ከምደባው ቀን? የአውሮፕላኑን ዓይነት ፈቃድ (ታይፕ ሬቲንግ) ካገኘንበት? ወይስ በመደበኛ በረራ ላይ የሚሰጠው ሥልጠና (ላይን ትሬይኒንግ) ተጠናቆ ከተለቀቅንበት ቀን? ለሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ መልስ ተሰጥቷል፤ ሦስቱም በቃል። ከመካከላችን የንድፈ ሐሳቡን ትምህርት ጨርሰው የሲሙሌተር ተራ ሲጠብቁ ወራት ያለፉባቸው አሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚከፈላቸው መነሻ ደመወዝ ብቻ ነው፤ የተማሩት ይረሳል፤ የሥልጠና ውል ግዴታቸው ግን ገና መቆጠር አልጀመረም። ሳይበሩ የቆዩበት ጊዜ በማን ሒሳብ ላይ እንደሚወድቅ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።

ወደ ሮስተሩ እንለፍ፤ አብዛኛው ፈራሚ ብዕር ያነሣው በዚህ ነው።

ሮስተራችን የሚጻፈው በዙሉ፣ ማለትም በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ የአቪዬሽን ልማድ ስለሆነ አንቃወመውም። ችግሩ የዕረፍት ቀንም በዙሉ መቆጠሩ ነው። የዙሉ ቀን የሚገባው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ የሚወጣውም በማግሥቱ ሌሊት 9 ሰዓት። አንድ እውነተኛ ሮስተር እንመልከት። ባልደረባችን ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራውን ጨረሰ። ረቡዕ «ኦፍ» ተብሎለታል። ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ሪፖርት ማድረግ ነበረበት። በወረቀት ሲታይ 25 ሰዓት ዐርፏል። በተግባር የመጀመሪያውን ሌሊት በሥራና በመንገድ ጨረሰው፤ በሁለተኛው ደግሞ 7 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ልብሱን ለበሰ። በመካከሉ የተኛው ጎረቤት ሚስማር ሲመታ፣ ልጆች ሲጫወቱ፣ በቀን ነው። ይህ የዕረፍት ቀን ከተባለ ሁለት ሌሊት ያለ እንቅልፍ ያለፈበት የዕረፍት ቀን ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ በየ168 ሰዓቱ ውስጥ ቢያንስ 36 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ሲያዝ፣ በዚያ ውስጥ ሁለት የአካባቢ ሌሊቶች እንዲገኙ ያስገድዳል። ሌሊት ሲልም በዘፈቀደ አልተወውም፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውል 8 ሰዓት ነው። የሰው አካል በዙሉ አይተኛም። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ንቃት ከሁሉ የሚወርድበት መሆኑን ያስተማረን የራሳችን ማሠልጠኛ ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ይደነግጋል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 ዕረፍትን ከሠራተኛ መብቶች አንዱ አድርጎ አስፍሮታል። ያ 25 ሰዓት የአዋጁን ቁጥር እንደሚያሟላ አልጠፋንም። ቁጥሩ ተሟልቶም ሰውየው አልተኛም።

ስታንድባይም (ተጠባባቂነቱም) እንደዚሁ ነው። ስልክ ከተደወለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተርሚናል መገኘት አለብን። አየር ማረፊያው አካባቢ ያለው የቤት ኪራይ በመነሻ ደመወዝ የሚታሰብ ስላልሆነ ብዙዎቻችን የምንኖረው ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና አያት ነው። የክሩ ሰርቪሱ እዚያ ድረስ አይመጣም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ኮንዶሚኒየም በር ላይ ሻንጣውን ይዞ የቆመ ረዳት አብራሪ ይታይዎ፤ በመተግበሪያ የጠራው ታክሲ ሁለት ጊዜ ሰርዞበታል፣ ሦስተኛው «ስንት ትጨምራለህ?» ይለዋል፣ ጥበቃው «ልጄ፣ ግባና ጠብቅ፣ ውሻ አለ» ይሉታል። ዘግይቶ ከደረሰ በማኅደሩ ላይ ይጻፋል። «ታክሲ አጣሁ» ደግሞ እንደ ምክንያት አይቆጠርም። በሰዓቱ ከደረሰስ? አዳሩን ሲጨነቅ ያደረ ሰው ነው ካፒቴኑ አጠገብ የሚቀመጠው።

ይህን የምናነሣው ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2009 በአሜሪካ ባፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞቷል። መርማሪዎቹ ዋናው መንስኤ የካፒቴኑ የተሳሳተ እርምጃ ነው ብለው ደምድመዋል፤ ነገር ግን የሁለቱን አብራሪዎች እንቅልፍም አጥብቀው መርምረዋል። ረዳት አብራሪዋ ለሥራ የመጣችው ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን ተጉዛ ነበር፤ ደመወዟ ማነሱም በምርመራው ችሎት ተነሥቷል። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለውጦ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት፣ በውስጡም 8 ሰዓት ያልተቋረጠ የመኝታ ዕድል ግዴታ ሆኗል። አዲስ ረዳት አብራሪ የት ያድራል፣ በምን ይመጣል የሚለው ጥያቄ የጥቅማጥቅም ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል ብለን ነው።

በረራ መቀያየርን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ነባሮቹ ረዳት አብራሪዎች እርስ በርስ መቀያየር ይችላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ላይ ያለን ግን አንችልም። አንዱ የእኅቱ ሠርግ፣ ሌላው የእናቱ ተዝካር ነበረበት፤ በዚያው አውሮፕላን፣ በዚያው ደረጃ ያለ ጓደኛው «እኔ እገባልሃለሁ» ብሎ ፈርሟል፤ መልሱ «ሲስተሙ አይቀበልም» ነው። ሲስተሙን የሞላው ሰው እንደሆነ እናውቃለን። ከወሊድ የተመለሰች ባልደረባችን ልጇን ስለምታጠባ ለጥቂት ወራት አዳር የሌለው በረራ ጠይቃ፣ ማመልከቻዋ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ይህ ለብቻው አቤቱታ የሚበቃው ነው፤ እዚህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፋችን ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ እሷ ራሷ በስሟ ልታቀርበው ስለመረጠች ነው።

የዓመት ፈቃድም አለ። አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ ፕሮግራሙም የሥራውን ፍላጎትና በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎት አገናዝቦ እንዲወጣ ይላል። ለእኛ የሚደርሰን ሌላው ሁሉ መርጦ የተረፈው ነው። ይሁን። ግን የተረፈውም ቢሆን ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው በስልክ ነው የሚነገረን። ለፋሲካም ለኢድም ስታንድባይ መሆናችንን ለምደነዋል፤ የሚከብደው ለቤተሰብ «እመጣለሁ» ማለትም «አልመጣም» ማለትም አለመቻል ነው።

«አየር መንገድ እንዲህ ነው፣ ሁሉም አልፎበታል» የሚለው መልስ እንደሚመጣ እንገምታለን። በብዙ የአሜሪካ አየር መንገዶችም አዲስ ገቢው መጨረሻ ላይ ነው፤ ተጠባባቂ ሆኖ ነው የሚጀምረው። ነገር ግን ክፍት የሆኑት አውሮፕላኖችና ቦታዎች ተዘርዝረው ይቀርቡለታል፣ በተራው ይመርጣል። አንድ ላይ የገቡትን በዕድሜ ቅደም ተከተል የሚያሰልፉ አሉ። ታላቅን ማስቀደም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዲያ ቢደረግ ማንም ቅር አይለውም። መጨረሻ መሆኑንና ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይታገሣል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ እንዲያደርጉልን የምንለምነው ይህን ነው። የአውሮፕላን ምደባ መስፈርቱ ተጽፎ ከምደባው በፊት ለሠልጣኞች ይገለጽ፤ መስፈርቱ የድርጅቱ ምርጫ ይሁን፣ ብቻ ይታወቅ። የመዛወሪያው ዓመታትና የሥልጠናው ውል ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠሩ በአንድ ደብዳቤ ይወሰን፤ የሲሙሌተር ተራ የምንጠብቅበት ጊዜ በእኛ ላይ አይቆጠር። የዕረፍት ቀን በአካባቢው ሰዓት ይቆጠር፣ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ሁለት ሙሉ ሌሊት ይኑረው። ሮስተሩ 14 ቀን ቀድሞ ይውጣ፤ አውሮፓውያኑ የሚሠሩበትም ይኸው ነው። በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ደረጃ ላይ ያለን የሰዓት ገደቡን እስካልጣስን ድረስ መቀያየር ይፈቀድልን። ለሌሊት ስታንድባይ ደግሞ ወይ ሰርቪሱ እስከ ሰፈራችን ይምጣ፣ ወይ የመድረሻው ሰዓት ይራዘም። አብዛኛው ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው አንድ የተፈረመ ወረቀት ነው።

መልሱ እስኪመጣ በረራችንን አናስተጓጉልም፤ ስብሰባም፣ ሥራ ማቀዝቀዝም አላሰብንም። አንድ ነገር ግን በግልጽ እናሳውቃለን። ከዛሬ ጀምሮ ከመካከላችን ለበረራ የማያበቃ ድካም የተሰማው ሰው «ደክሞኛል» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህን ማድረግ መብቱ ብቻ ሳይሆን የፈቃዱ ግዴታ ነውና። በዚያ ምክንያት በአንዳችን ማኅደር ላይ ማስጠንቀቂያ ከተጻፈ፣ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ሁላችንም እንደተጻፈብን ቆጥረን እንቀርባለን።

ከመካከላችን ሦስት ተወካዮች መርጠናል። ክቡርነትዎ በሚመችዎ ቀን ጠርተው እንዲያነጋግሯቸው፣ ውሳኔውም በጽሑፍ እንዲደርሰን በትሕትና እንጠይቃለን። ቀኑ ቀደም ብሎ እንዲነገረን የምንጠይቀው ተወካዮቹ ከስታንድባይ ነፃ እንዲሆኑ ለሮስተር ክፍል ማመልከት ስለሚኖርባቸው ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የአዲስ ገቢ ረዳት አብራሪዎች

ግልባጭ፦
ለሠራተኛ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ለሮስተር ክፍል
ለበረራ ደኅንነት ክፍል