ጎልፍና ገና

ጎልፍ ሊጫወት አገር ላገር የሚዞር ሰው የደረሰበትን አገር ምግብና ቢራ ሳይቀምስ አይመለስም። እሰየው! የእኛ ተማሪ ግን የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ ሲገባ የሚያስከፍተው የፋብሪካ ጠርሙስ ነው። ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ጠላ «የባላገር» ሆነበት።

በጨዋታውም ያው ነን። አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ስላለው የጎልፍ ሜዳ በአድናቆት እናወራለን። በጎልፍ መቺው ሌላ፣ የዱላውን ከረጢት ተሸካሚው ሌላ ነው። በገና ጨዋታ ግን ጥንት ባላባቱና እረኛው፣ ሁለቱም ቆልማማ ዱላ ይዘው፣ አንዲቱን ሩር ያሳድዱ ነበር፤ ጌታው ቢመታም አይቆጣም። ከዚህ የበለጠ ምን ዓይነት እኩልነት ከውጭ እናስመጣ?

የተማሪዎች ማኅበራችን ለታኅሣሥ ዱላና ሩር ያዘጋጅ። ከጨዋታው በኋላ ጠላ ቤት እንገናኝ፤ ሒሳቡን ግን በዱቤ አይደለም!