ጎማው ያልወረደለት አውሮፕላን

ግንቦት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ከምትገኘው ከኒውካስል አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ወደ ፖርት ማኳሪ ለመሄድ ተነሣ። በውስጡ የነበሩት አብራሪውና ሁለት ተሳፋሪዎች ብቻ ነበሩ። አውሮፕላኑ መሬት ከለቀቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የማረፊያ ጎማዎቹ እክል እንደ ገጠማቸው ታወቀ። አብራሪው ግን ለማረፍ አልቸኮለም። ከሦስት ሰዓት በላይ በአየር ላይ እየዞረ ነዳጁን ካቃጠለ በኋላ አውሮፕላኑን በሆዱ አሳረፈው። ሦስቱም ያለ ጉዳት በእግራቸው ወጡ።

ይህን የሰማ ሰው «ተአምር ነው» ቢል አይፈረድበትም። በእኔ አስተያየት ግን ቃሉ ቦታውን ስቷል። አብራሪው ሊመሰገን የሚገባው መሬት በነካባት ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሳለፋቸው ሦስት ሰዓታት ነው።

የአውሮፕላን ጎማ በበረራ ጊዜ የሚታጠፈው ነፋሱ እንዳይጎትተው ነው። በዚህም ፍጥነት ይጨምራል፤ ነዳጅም ይቆጠባል። ይሁን እንጂ የሚታጠፍ ነገር ሁሉ አንድ ቀን አልዘረጋም ማለቱ አይቀርም። (ብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ጎማቸው ጨርሶ የማይታጠፍ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።) ስለዚህም መሐንዲሶቹ ጎማው በእጅ ኃይል ወይም በራሱ ክብደት የሚወርድበትን መንገድ አስቀድመው ያበጃሉ። ይህም እምቢ ካለ ነዳጁን ማቃጠል ይቀራል። ነዳጅን በከንቱ ማቃጠል ለተመልካች ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን ነዳጅ ሲያንስ የእሳቱ አደጋ ይቀንሳል፤ የቀለለ አውሮፕላንም በዝግታ ለማረፍ ይችላል። በዚህ መካከል የእሳት አደጋ መኪናዎች ይሰለፋሉ፤ ተሳፋሪዎች ቀበቷቸውን ያጠብቃሉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜውን የሚያገኘውም ያልደነገጠና ማብረሩን ለአፍታ እንኳ ያልዘነጋ አብራሪ ነው።

ማብረሩ ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል ለመረዳት ወደ ታኅሣሥ 20 ቀን 1965 ዓ.ም. እንመለስ። በዚያ ሌሊት የኢስተርን ኤር ላይንስ ትልቅ አውሮፕላን 176 ሰዎችን ይዞ ከኒውዮርክ ወደ ማያሚ ደረሰ። ሊያርፍ ሲል የፊት ጎማው መውረዱን የሚያመለክተው አረንጓዴ መብራት አልበራም። አብራሪዎቹ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ተመልሰው በረራውን በራሱ ለሚያበር መሣሪያ ተዉት። የበረራ ሠራተኞቹ ሦስት ነበሩ፤ አንድ ቴክኒሺያንም አብሯቸው ነበር። የሁሉም ሐሳብ በዚያች መብራት ላይ ዋለ። ከፍታውን የሚጠብቀው መሣሪያ ሥራውን ማቋረጡን፣ አውሮፕላኑም ቀስ በቀስ መውረዱን ያስተዋለ አልነበረም። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ተሰማ፤ ልብ ያለው ግን አልተገኘም። አውሮፕላኑ በፍሎሪዳ ረግረግ ላይ ተከሰከሰ፤ 101 ሰዎችም ሞቱ።

በኒውካስል አብራሪው ብቻውን ነበር፤ ጎማውም በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር። በፍሎሪዳ ስብርባሪው ሲመረመር ግን የፊት ጎማው በትክክል ወርዶ ተገኘ። የተቃጠለው አምፖሉ ነበር።