የድባቴ መድኃኒት እየወሰዱ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና መምረጥ

በመንዝ፣ በጓሳ ደጋ፣ ስለ ውፍረት ቀዶ ሕክምና የሚያነሳ ሰው “ጥጋብ ነው” መባሉ አይቀርም። መንዝ በልግ ሲቀርበት፣ ገብሱንም ውርጭ ሲመታው የሚቸገር አገር ነውና። የመንዝ ሰው ግን ዛሬ ጓሳ ዳር ብቻ አይኖርም። ልጆቹ አዲስ አበባ ይነግዳሉ፣ ዓረብ አገር ይሠራሉ፣ አሜሪካም ተሻግረዋል፤ ከተማ ያመጣውን በሽታም ይጋራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሴቶች ከ100 ወደ 3 ገደማ ነበሩ፤ በ2016ቱ ጥናት 8 ያህል ደርሰዋል፤ በከተሞች ቁጥሩ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። አቅሙ ያለው ሰው ቱርክ ወይም ህንድ ሄዶ ጨጓራውን አስቀንሶ ይመለሳል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የድባቴ መድኃኒት የሚወስዱ ቢኖሩ አይገርምም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ በዓለም ዙሪያ ለዚህ ቀዶ ሕክምና ከሚቀርቡት ከ5 ሰዎች 1ዱ ገደማ ድባቴ እንዳለበት አሳይቷል። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለው ሰው ቀዶ ሕክምናውን ሲመርጥ የሚወስደው ክኒን ከክብደቱና ከስኳሩ እኩል መታየት አለበት፤ ክትትል ሩቅ በሆነበት አገር ለሚኖር ሰውም “ስሊቭ” የሚባለው ዓይነት መነሻ ምርጫ፣ “ባይፓስ” ደግሞ በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ የሚወሰንበት መሆን ይገባዋል።

ልዩነቱ ከአንጀት ይጀምራል። በስሊቭ ሐኪሙ የጨጓራውን ሦስት አራተኛ ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ ያወጣል፤ የቀረው ጠባብ ቱቦ ይሆናል፤ ምግቡ ግን በተፈጥሮ መንገዱ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። በባይፓስ ከጨጓራው ጫፍ ትንሽ ከረጢት ብቻ ይቀራል፤ ከረጢቱም የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ ታች ካለው አንጀት ጋር ይሰፋል። የተዘለለው ክፍል ብረትና ካልሲየም በብዛት የሚመጠጡበት፣ ብዙ መድኃኒቶችም ወደ ደም መግባት የሚጀምሩበት ነው። በአሜሪካ ባይፓስ የተደረገላቸውን 12 ሰዎች የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከአንድ ወር በኋላ በ8ቱ ደም ውስጥ የድባቴ መድኃኒቱ መጠን ከቀድሞው ወደ ግማሽ ገደማ መውረዱን አግኝቷል። ከ8ቱ 6ቱ በስድስተኛው ወር ወደ ቀድሞ መጠናቸው ተመልሰዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሰዎቹም የሚወስዱት መድኃኒት አንድ ዓይነት አልነበረም። ሆኖም አካሄዱ ከአንጀቱ አሠራር ጋር ይገጥማል፤ ሰርትራሊን በሚወስዱ ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ምርመራም ባይፓስ ባደረጉት ደም ውስጥ የመድኃኒቱ መጠን ካላደረጉት በእጅጉ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ስሊቭም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም፤ የጨጓራውን አሲድ ይቀንሳል፣ ምግብም ፈጥኖ እንዲወርድ ያደርጋል። አንጀቱን ግን አይነካም፤ የመድኃኒቱን መንገድ የሚያናጋውም በአነስተኛ ደረጃ ነው።

የመድኃኒት መጠን መቀነስ የወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላልኩ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሰውየው እንደ ልቡ መብላት የማይችልበት፣ ሰውነቱ በፍጥነት የሚለወጥበት፣ ቤተሰቡም “እንዴት አማረብህ” እያለ ውስጡን የማይጠይቅበት ጊዜ ነው። ፍሎክሲቲን ከደም የሚወጣው በቀስታ ስለሆነ ጉድለቱ ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል፤ ቬንላፋክሲንን የመሳሰሉት ደግሞ ቶሎ ስለሚወጡ ማዞር፣ መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት በቀናት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። በካናዳ ኦንታሪዮ ከ8,800 በላይ ታካሚዎችን ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ያወዳደረ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ራስን ጎድቶ ድንገተኛ ክፍል የመግባት አደጋ ከቀዶው በኋላ በግማሽ ያህል መጨመሩን ዘግቧል። አብዛኛው የደረሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው፤ የተጎዱትም ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀድሞ የአእምሮ ሕመም የነበራቸው ናቸው። አደጋው በቁጥር አነስተኛ ነው፤ ማን ላይ እንደሚያነጣጥር ግን ግልጽ ነው። ክትትሉ ከስድስት ወር በኋላ ማብቃት የለበትም የምለውም ለዚህ ነው።

ባይፓስን የሚመርጡ ቀዶ ሐኪሞች የሚያነሱት ነጥብ ክብደት አለው። ባይፓስ ትንሽ ይበልጥ ያከሳል፣ ለስኳር ሕመምም ይበጃል፣ ከባድ ቃር ያለበትን ሰው ከስሊቭ በተሻለ ያሳርፈዋል ይላሉ። ቃርን በተመለከተ ልክ ናቸው፤ ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ስለሚችል የምግብ ቧንቧው በአሲድ የተጎዳ ሰው ባይፓስን ቢመርጥ እኔም አልቃወምም። በክብደቱ ግን ልዩነቱ የሚወራውን ያህል አይደለም። በፊንላንድ 240 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ለአምስት ዓመት የተከታተለ ጥናት ስሊቭ ያደረጉት ከትርፍ ክብደታቸው 49 በመቶ፣ ባይፓስ ያደረጉት 57 በመቶ መቀነሳቸውን አግኝቷል፤ ተመሳሳዩ የስዊዘርላንድ ጥናት ያገኘው ልዩነት ከዕድል የሚለይ አልሆነም። ለእነዚያ ጥቂት ኪሎዎች ሲባል ሰውየውን በእግሩ ያቆመውን መድኃኒት አደጋ ላይ መጣል የሚያዋጣ አይመስለኝም።

የአገራችን ኑሮ ሚዛኑን ወደዚሁ ያዘነብላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ማዘዣ በየመድኃኒት ቤቱ ይገዛሉ፤ ወገቡን ያመመው ገበሬም ሆነ ራሱን ያመመው ሹፌር ጠይቆ ይወስዳል። ባይፓስ ያደረገ ሰው ግን እነዚህን ሲወስድ አንጀቱ በተሰፋበት ቦታ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ፍሎክሲቲንና ሰርትራሊንም በራሳቸው የመድማት አደጋን በመጠኑ ይጨምራሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነገሩ ይከፋል። አረቄም አለ፤ በደጋው ብርድ ያለ እሱ ለቅሶም ሠርግም አያልፍም። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም ፈጥኖና በርትቶ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የአሜሪካ ጥናትም በሁለተኛው ዓመት የአልኮል ችግር ከ7.6 ወደ 9.6 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ጾም ደግሞ ሁለቱንም የቀዶ ዓይነቶች ይመለከታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋት ክኒኑን ይዘላል፤ ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ በረጅሙ ጾም ይጎድልበታል፤ ጉድለቱም ራሱ ድባቴን የሚመስል ድካምና መርሳት ያመጣል። የንስሐ አባት ለታመመ ሰው ጾሙን ማቅለል ይችላሉ፤ ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት እሳቸውን ማማከር እንደ ደም ምርመራው ሁሉ የዝግጅቱ አካል ቢሆን እወዳለሁ።

“የድባቴ ታካሚ ጭራሹን ቀዶ ውስጥ ምን አስገባው?” የሚሉም አሉ። ይህ ሰውን በሕመሙ ምክንያት ከሕክምና መከልከል ነው፤ ማስረጃውም አይደግፈውም። ያው የ2016ቱ ግምገማ ቀድሞ ድባቴ የነበረባቸው ከሌሎቹ ያነሰ እንደማይከሱ፣ ብዙዎቹም ከቀዶው በኋላ ድባቴያቸው እንደሚቀል ያሳያል። የሚያስፈልገው ሕመሙ ረግቶ መቅረባቸው ነው። ከዚህ የባሰ የማየው “ይከለክሉኛል” ብሎ መድኃኒቱን መደበቅ፣ ወይም ጸበል ጀምሬያለሁ ብሎ በአንድ ጊዜ ማቆም ነው። ጸበሉንና ክኒኑን ጎን ለጎን የሚይዙ ብዙ ናቸው፤ የሚከለክል ነገር የለም። የደበቀ ሰው ግን ቀዶ ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ ሳያስብ እንዲመርጥለት ፈቀደ ማለት ነው። አሚትሪፕቲሊንን የመሰለ ክብደት የሚጨምር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም የአእምሮ ሐኪሙ ቀድሞ በሌላ ሊለውጥለት ይችል ነበር።

ጓሳ ከአዲስ አበባ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በኢስታንቡል ቀዶ የተደረገለት ሰው ለገና አገሩ ገብቶ ቢያመው የሚያየው የመሐል ሜዳ ሆስፒታል ወይም የጤና ጣቢያው ነርስ ነው፤ በዚያ የድባቴ መድኃኒት በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ የሚለካ ላቦራቶሪ አይጠበቅም፤ መመዘኛው የሰውየው ሁኔታ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀዶውን የሚያደርገው ሆስፒታል፣ አገር ውስጥም ይሁን ውጭ፣ ታካሚውን ሲሸኝ ወረቀቱ ላይ የቀዶውን ዓይነት፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ክኒን ከሆነም ወደ ፈሳሽ ወይም ወደ ተራው ክኒን መቀየር ይኑርበት እንደሆነ፣ በየትኞቹ ሳምንታት ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ስሜቱና ራሱን ስለ መጉዳት ሐሳብ እንደሚጠየቅ ሊጽፍለት ይገባል። ሆስፒታሉ ወረቀቱን ይሰጥ እንደሆነ ታካሚው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፤ መልስ ካላገኘም ሌላ ይፈልግ።