ፀሐይ የማን ናት?

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ስለ ውሃ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ቡራዩ ተወልጄ ቡራዩ ያደግሁ ነኝና፣ ተረቱ ስለ መብራትም ጭምር እንደሚናገር የገባኝ ቆይቶ ነው። ከግልገል ጊቤ ሁለት የሚነሣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር ሰበታ ድረስ ይመጣል። ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚነሣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም የቡራዩ ጎረቤት በሆነችው በሆለታ ያርፋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚነዳ ሲሆን፣ ሐዲዱ የሚጀምረው ከሰበታ ነው። ይኸ ሁሉ ኃይል በራሳችን ላይ ሲያልፍ እያየን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጧ ብሎ ሲጠፋ ግን ሻማ ፍለጋ የምንራወጠው እኛው ነን።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በነዚህ ሦስት ከተሞች አንድ አዲስ ነገር ይታያል። ከሱሉልታ ዋና መንገድ ዳር ባሉት አዳዲስ ቪላዎች፣ በሰበታ መጋዘኖችና በቡራዩ ሱቆች ጣሪያ ላይ ጥቁር ሰማያዊ የሶላር ሰሌዳ መታየት ጀምሯል። ፀጉር ቤቱ «መብራት ቢጠፋም እንሠራለን» ብሎ ጽፎ ለጥፏል። በዚህ የሚደሰት አለ፤ የሀብታም ጌጥ ነው ብሎ የሚንቀውም አለ። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ጥያቄ አልጠየቁም እላለሁ። ፀሐይ ደግ መሆኗን ማንም አይክድም። ጥያቄው፣ ይህች ለሁሉ እኩል የምትወጣ ፀሐይ ወደ ኤሌክትሪክ ስትለወጥ የማን ትሆናለች? የሚለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የተሠራውን ሥራ ማቃለል አይገባም። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል በአገራችን ከቀደምቶቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ሲመረቅ 43 ሜጋዋት ትልቅ ነገር ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ግን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ለዚህም ሊስትሮው፣ ወታደሩ፣ አስተማሪውና ተማሪው ከኪሱ አዋጥቷል። ይሁን እንጂ ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ማዳረስ ሌላ ነገር ነው። ግድቡ ቢሞላም የሰፈሩ ምሰሶ የበሰበሰ ከሆነ፣ ለመቶ ቤት የተተከለው ትራንስፎርመርም አምስት መቶ ቤት የሚሸከም ከሆነ፣ ኃይሉ ከደጃችን ደርሶ ይቀራል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች ሕዝብ ደግሞ ከምሰሶው ቁጥር ይልቅ እጅግ ፈጥኖ አድጓል።

ሌላም ነገር አለ። አብዛኛው ኤሌክትሪካችን ከውሃ የሚመጣ በመሆኑ ዝናብ ሲያጥር እንጨነቃለን። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ሐይቅ ውሃ ስለ ቀነሰ አገሩ በሙሉ በፈረቃ መብራት መጠቀሙን የምናስታውስ ብዙዎች ነን። እንግዲህ ልብ እንበል። የግድቦች ውሃ እየቀነሰ የሚሄድበት የበጋው ወራት ፀሐይ የሚበረታበት ወራት ነው። ፀሐይ በደመና የምትሸፈንበት ክረምት ደግሞ ግድቡ የሚሞላበት ጊዜ ነው። ውሃና ፀሐይ ፈረቃቸውን ተፈጥሮ ራሷ የሠራችላቸው ሁለት ሠራተኞች ናቸው። በጥርና በየካቲት ቀትር ላይ አንድ ፋብሪካ ከጣሪያው ኃይል ቢያገኝ፣ ያን ያህል ውሃ ለማታው በግድቡ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ሶላርን የግድብ ተቀናቃኝ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

የአገራችን ደጋም ለዚህ የተመቸ ነው። ብዙ ሰው ሰሌዳው ሙቀት የሚፈልግ ይመስለዋል፤ የሚፈልገው ግን ብርሃን ነው። እንዲያውም የሰሌዳው ሙቀት ከ25 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የሱሉልታ ብርድና ጠራራ ፀሐይ አንድ ላይ ሲገኙ ለሰሌዳው መልካም ጋብቻ ናቸው ማለት ነው።

ነገር ግን ሻጮቹ እንደሚሉት «ሶላር ግዛ፣ ከመብራት ኃይል ተሰናበት» የሚለው አነጋገር ለደኻው አይሠራም። ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቴ ምጣድ ተምሬዋለሁ። እናቴ እኔን ያስተማረችኝ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች እያቀረበች ነው። በአንድ የገና ዋዜማ ሊጡ ከደረሰ በኋላ መብራት ጠፋ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳይመጣ አደረ። ሊጡ ኮመጠጠ። ሲነጋ ከጎረቤት ማገዶ ለምና የቻለችውን ያህል ጋገረች፤ የቀረው ተደፋ፤ ደንበኛዋም ሌላ ጋጋሪ ያዘ። በዚያ ሰሞን አንድ የተናገረችው ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «ልጄ፣ ትልቁን ግድብ በቴሌቪዥን አይተነዋል፤ ምጣዴ ግን አላየውም።»

እኔም የተማርሁትን ይዤ «ሶላር እንግዛ» ለማለት ቸኩዬ ሒሳቡን ሠራሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። በቀን ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ባለ 400 ዋት ሰሌዳ በቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ፣ በሽቦውና በባትሪው የሚባክነው ተቀንሶ የሚተርፈው 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ለምጣዱ ብቻ አምስት ሰሌዳ፣ ትልቅ ኢንቨርተርና ውድ ባትሪ ያስፈልጋል። ይኸ ከእናቴ ዐቅም በላይ ነው። በዚያው በአንድ ሰሌዳ ግን አምስት አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ የስልክ ቻርጅና የልብስ ስፌት ሞተር ያለ ችግር ይሠራሉ። እንግዲህ እውነቱ ይኸው ነው፤ ሶላር ለብርሃንና ለቀላል ሥራ ይበቃል፤ ለምጣድ፣ ለወፍጮና ለብየዳ ግን የመስመሩን ያህል የሚረዳ የለም። ስለሆነም «ሶላር ስላለ የሰፈሩ መስመር ባይታደስም ይሁን» የሚል ሁሉ የእናቶቻችንን ምጣድ ረስቷል።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ልመለስ። በዓለም ገበያ የሰሌዳ ዋጋ ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ወደ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል። እኛ አገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንዱ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ማስተካከያ ተጀመረ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ባለ ሀብቱ «ታሪፉ ሳይወደድብኝ ጣሪያዬን ልሸፍን» ይላል። ደኻው ግን ታሪፉም ይጨምርበታል፤ ሰሌዳውም ይርቀዋል።

ደኻው ስል ማንን ማለቴ ነው? ከሁሉ በፊት ተከራዩን ነው። በሰበታና በቡራዩ በአንድ ግቢ ውስጥ ስምንትና ዐሥር ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይኖራል። ታሪፉ ጥቂት ለሚጠቀም ሰው ዝቅተኛ ዋጋ አለው፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው እርከን የተሠራው ለደኻ ነው። ነገር ግን የዐሥር ቤት ፍጆታ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር እርከኑን ሁሉ ያልፋል። በዚህ ምክንያት አንዲት አምፖል ብቻ ያላት የፋብሪካ ሠራተኛ እንደ ባለ ቪላው ትከፍላለች። በዚያ ላይ አከራዩ «ምጣድ አይቻልም፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ መብራት ይጥፋ» ይላታል። ጣሪያው የርሷ አይደለምና ሰሌዳ መትከልም አትችልም። ከተከራዩ ቀጥሎ ካርታ በሌለው ቤት የሚኖረው አለ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞች ከሌሎች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ፣ ካርታ የሌላቸው ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ቤቱ ነገ ስለ መቆሙ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው በጣሪያው ላይ የዓመት ደመወዙን አይሰቅልም።

«ሀብታሙ በራሱ ገንዘብ ቢገዛ ምን አገባችሁ?» የሚል ይኖራል። መልሱን ከፓኪስታን እንማር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ፓኪስታን 17 ጊጋዋት ያህል የሶላር ሰሌዳ ከውጭ አስገባች። ያስገባው በአብዛኛው መንግሥት አልነበረም፤ የመብራት ዋጋና መቆራረጥ ያስመረረው ባለ ፋብሪካ፣ ገበሬና ባለ ቤት ነው። ነገሩ ከአንድ በኩል የሚያስደስት ነው። ከሌላ በኩል ግን ትልልቆቹ ደንበኞች ከመስመሩ የሚገዙትን ሲቀንሱ፣ የሽቦውና የጣቢያው ወጪ ሰሌዳ መግዛት ባልቻሉት ላይ መከመር ጀመረ። በእኛም አገር የደኻው ዝቅተኛ ታሪፍ የሚደጎመው ብዙ በሚጠቀመው ደንበኛ ክፍያ ነው። ደጓሚው ምንም ሥርዐት ሳይበጅለት አንድ በአንድ ሲወጣ ድጎማው ከየት ይመጣል?

ሶላር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሚቶ መንደር በፀሐይ የሚሠራ ጣቢያ ተተክሎ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ቤተሰቦች መብራት ሰጥቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ሸዋ በሬማ ከ2,000 በላይ ቤቶች ሶላር ሲገባላቸው፣ እዚያው የቴክኒሺያን ማሠልጠኛም ተከፈተ። ይህ ሁለተኛው ነገር ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሰሌዳው የሚኖረው ጠጋኝ ሲኖረው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2025 ሁሉም ኢትዮጵያዊ መብራት ያገኛል፤ ከመቶው 65ቱ ከመስመር፣ 35ቱ ከመስመር ውጭ ባለ ኃይል ይደርሰዋል የሚል ዕቅድ በ2011 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። ዓመቱ አልፏል፤ ብዙ ሚሊዮን ወገን ግን ዛሬም በኩራዝ ነው። ዕቅድ ብቻውን አምፖል አያበራም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚታየኝን ባጭሩ ልናገር።

አንደኛ፣ ጣሪያው ላይ ኃይል ያመነጨ ሰው ትርፉን ወደ መስመሩ መልሶ የሚያስቆጥርበት ግልጽ ደንብ ይውጣ፤ በዚያው ልክ ለመስመሩ ጥበቃ ተገቢውን መዋጮ ይክፈል። እንዲህ ከሆነ የሱሉልታው ፋብሪካ የእሑድ ፀሐይ ሳትባክን ለጎረቤቱ ሰፈር ትደርሳለች፤ ባለ ሀብቱም ከማኅበሩ አይወጣም።

ሁለተኛ፣ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ የሚኖሩበት ግቢ እንደ አንድ ባለጸጋ ቤት መቆጠሩ ይቅር፤ ዝቅተኛው እርከን በቤተሰብ ቁጥር ይታሰብላቸው።

ሦስተኛ፣ ሰሌዳው የግድ የግል ንብረት መሆን የለበትም። በየሰፈራችን ዕድር አለ፤ ዕድሩም ድንኳንና ዕቃ የሚያስቀምጥበት ቤት አለው። በዕድሩ ቤት ጣሪያ ላይ ጥቂት ሰሌዳ ቢተከል፣ ማታ ማታ የአካባቢው ተማሪ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያጠናበት፣ ስልክ የሚሞላበት ብርሃን ይገኛል። ለሞት ማዋጣት የለመደ ሕዝብ ለብርሃን ማዋጣት አያቅተውም። የቁጠባና ብድር ማኅበራትም ለልብስ ሰፊውና ለባለ ኪዮስኳ በትንሽ በትንሹ የሚከፈል ብድር ይስጡ።

አራተኛው የሚመለከተው እኛን ነው። ገበያው ላይ 200 ዋት ተብሎ የሚሸጠው ሰሌዳ ሲለካ ግማሹን የማይሰጥበት ጊዜ አለ፤ በዓመቱ የሚሞት ባትሪም አለ። ሰፊው ሕዝብ መለኪያ የለውም። እኛ ግን መለኪያውም፣ ትምህርቱም፣ የክረምት ዕረፍቱም አለን። የምሕንድስና ተማሪዎች በየተወለድንበት ከተማ ሁለት ሳምንት ብንሰጥ የሰፈራችንን ሰሌዳዎች መርምረን፣ ልል ሽቦ አጥብቀን፣ ለወጣቶች ጥገና አስተምረን እንመለሳለን። የኅብረታችን ጽሕፈት ቤት መዝገብ ይክፈትና ፈቃደኛው ይመዝገብ። ከቡራዩ የመጀመሪያው ስም የእኔ ይሁን።

ይህን ባናደርግ፣ በነዚህ ከተሞች ካሉት ግንቦችና አጥሮች ላይ ሌላ አጥር ይጨመራል፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ግቢ ሌሊቱን ሙሉ ሲያበራ፣ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ልጅ በሻማ ለማትሪክ ይዘጋጃል፤ ሁለቱም ግን አንድ ፈተና ይፈተናሉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዲሉ፣ ፀሐይቱ በየቀኑ ከላያችን ትውላለች። አልቦ ለሁሉ ማካፈል ግን የሰው ሥራ ነው።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ